ስሙን ውሃ የወሰደው

መጋቢት እኩሌታ፣ ሞንትሪያል በረዶዋን ስትፈታ፣
ቬርደን ሰፈር ምድር ቤት ያለው ሁሉ እንቅልፍ በሚያጣበት ማታ፣
ስልኬ ጮኸ።
«ሙሴ፣ ቶሎ ድረስ፤ ጓዳዬ ኩሬ ሆነ»
አለችኝ ማዳም ጊሌን፤ ድምጿ ግን የሰከነ፣
እንደ ልጅ እድገት ነው የለካችው የውሃውን ቁመት፦
«ከጉልበቴ በላይ፣ ከወይኑ በታች ጥቂት።»

በአባቴ አፍ «ሙሴ» ማለት ፈረንጅ ነበረ፤
ስሙ ባሕር ተሻግሮ እኔ ላይ አደረ።
ሌላም ሙሴ አለ፣ ባሕር የከፈለው፤
የሱ በትር ነበር፣
የኔ አሮጌ ፓምፕ ነው፣ ቤንዚን ጠጥቶ የሚያስለው።

ወረድኩ። መብራቴን አበራሁ። ወረቀት በወረቀት፤
የጠርሙሶቹ ስም፣ የተጠመቁበት ዓመት፣
የመንደሩ ማኅተም፣ የአያቷ ፊርማ፣
ሙጫቸው ለቋቸው ሲንሳፈፉ በጨለማ።
ጠርሙሶቹ ግን አሉ፤ መቶ ሃያ ሦስት፣
ራቁታቸውን ተጋድመው፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ አንድ ዓይነት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፓምፑ ሲያጓራ፣
እሷ ደረጃው ላይ፣ በቢጃማ፣ እግሯን አጥፋ ስታወራ፦
«ቡርጎኝ፣ ተረተር ላይ፣ ጥማድ የማይሞላ
ወይን ነበረው አያቴ። ከወይኑ በስተኋላ
የድንጋይ አጥር። ሐረጎቹ ያረጁ፣ ግንዳቸው የጠመመ፣
ቁርጥማት እንደያዘው ጣት፣ ጎንበስ ያለ፣ የታመመ።
‹ወጣት ወይን› ይል ነበር ‹ያፈራል እንደ ወሬ፤
አሮጌው ግን ይሰስታል፤ አራት ዘለላ ፍሬ፣
ያውም ሥሩ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያመጣው ከሩቅ፤
ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚያውቅ።›
አያቴ ለአጎቴ፣ አጎቴ ለልጁ ሲያወርስ፣
በየገናው አንድ ሣጥን፣ እዚህ ድረስ
ይመጣ ነበር። አምና ልጁ ሸጠው። ገዢው ኩባንያ ነው፤
ሽማግሌዎቹን ነቅሎ በጎረምሳ ተካው።
የቀሩት እነዚህ ናቸው። አሁን የቱ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል?
ያንዱ ዓመት ውርጭ፣ ያንዱ ዓመት ፀሐይ፣ ስሙ አብሮ ታጥቧል።»

ምን ልበላት? ቧንቧ ሠሪ ነኝ።
«በቋንቋዬ» አልኳት «አንድ ቃል ነው ያለን፤
ለሚሳበው ተክልም፣ ለትውልዱም፣ ‹ሐረግ› እንላለን።»
ደጋግማ ሞከረችው። «ሐ» ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ሁለት መቶ አርባ ዶላር ስላት፣ ቦርሳዋን ተወችው፤
ከመደርደሪያው ጥግ አንዱን አነሳችው፣
በቢጃማዋ እጅጌ ጭቃውን አበሰች፣
«ክፍያህ ይሄ ነው፤ ግን እዚሁ ይከፈት» አለች።

ቡሹ ለሁለት ተሰብሮ፣ ግማሹ ውስጥ ሰጠመ፤
በሻይ ማጥለያ ቀዳችው። ቀለሙ የደከመ፣
ቀይ መሆን የሰለቸው፣ እንደ ጡብ የገረጣ፤
ሽታው መጀመሪያ ዝም፤ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ መጣ፦
እርጥብ ቅጠል፣ ላብ የጠጣ የኮርቻ ቆዳ፣
ቼሪ፣ ያውም የደረቀ፣ የተዘጋ ጓዳ።

ጊሌን ዓይኗን ጨፈነች።
«ሰባ ስድስት» አለች። «ድርቅ የነበረበት።
አይደለም... ቆይ... ሰባ ስምንት፤ እኔ የተዳርኩበት።
ወይስ...» እንደገና ቀመሰች። አፏ ውስጥ አንገላታችው።
ከዚያ ሳቀች፤ እንደ ልጅ፣ ብርጭቆዋን እስክትደፋው።
«አላውቀውም! ሃምሳ ዓመት ቀማሽ ነኝ ስል፣
ለካ ወረቀት ነበር የማነበው!» ብላ፣ «ጨምር እንጂ፣ ጠጣ፤ አትቸኩል።»

ጠጣን። አተላው ሲቀር፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ወጣሁ።
ቤቴ ቦቲዬን ሳወልቅ ከሶሉ ሥር አገኘሁ
ቢጫ ቁራጭ ወረቀት፤ ከዓመቱ «ሰባት» ብቻ የቀረው፣
ከሥሩ የአያቷ ፊርማ፤ እርሱን ውሃ አልደፈረው።
ልደውልላት አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት።
ሲደርቅ ጠብቄ፣ በሙጫ፣ ፓምፔ ላይ ለጠፍኩት።